ማሽንህ ይጎትታል

ሰባተኛዋ ሞካሪ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ንድፍ አውጪው የስድስተኛዋን አስተያየት ጽፎ አልጨረሰም ነበር።

አራት ዓመት የለፋበት መሣሪያ ነው። እጀታው አንድ፣ ሥራው አራት፦ ያደርቃል፣ ያበጥራል፣ ይተኩሳል፣ ይጠቀልላል። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም «ማበጠሪያ» ይሉታል፤ መሣሪያውን ሳይሆን ሰውየውን። አይፈረድባቸውም። መንገድ ላይ የሰው ፊት ትቶ ፀጉር ሲያይ የሚውል፣ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠችውን ሴት ከኋላ እያየ «ይሄ በስንት ዲግሪ ነው የተተኮሰው?» እያለ የሚያሰላ ሰው ነበር።

ያን ቀን ፋብሪካው አሥራ ሁለት ሴቶች ጋብዞ መሣሪያውን እያስሞከረ ነው። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆሟል። ሰባተኛዋ ቀጠን ያለች፣ ዝምተኛ፣ ጥቁር ፀጉሯ ትከሻዋን አልፎ የሚወርድ ወጣት ናት።

«እህቴ፣ ካቃጠለሽ ንገሪኝ።»

«እነግርሃለሁ።»

መጠቅለያውን አስነሳው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ መሣሪያው ፀጉሩን ነከሰና አቃሰተ። ደንግጦ ሳብ ሲያደርገው ፀጉሩ በሙሉ አብሮት መጣ።

 ንድፍ አውጪው ክው ብሎ ቀረ። እጁ ላይ መሣሪያው፣ መሣሪያው ላይ የልጅቷ ፀጉር ተንጠልጥሏል። ወንበሩ ላይ ደግሞ አንድም ዘለላ ያልበቀለበት ልሙጥ ራስ አለ። ከሞካሪዎቹ አንዷ «ኡ!» ብላ አፏን ያዘች። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳውን ተደገፈ።

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም።

«ማሽንህ ይጎትታል» አለችው። «ጻፈው እንጂ።»

ከዚያ ዊጓን ከመሣሪያው ጥርስ አላቅቃ፣ በጣቶቿ አስተካክላ ራሷ ላይ ደፋችና መጠይቁን መሙላት ጀመረች። «ሌላ አስተያየት» የሚለው ቦታ አልበቃት ብሎ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሞላችው። የት ላይ እንደሚነክስ፣ ለምን እንደሚነክስ፣ እጀታው ለሴት እጅ እንደሚወፍር። ከታች ሥራዋን ጻፈች፦ ዊግ ሠሪ። የሥራ ቦታዋንም አድራሻ።

ሦስት ቀን ንድፍ አውጪውን እህል አልወርድ አለው። በአራተኛው ቀን ወረቀቷን ይዞ ሄደ።

ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩን ሲከፍት ሃያ የሚሆኑ ፊት የሌላቸው የጨርቅ ጭንቅላቶች ተደርድረው ጠበቁት። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ግባ፣ አይናከሱም» አለች ከመርፌዋ ቀና ሳትል። «እንዳንተ ማሽን አይደሉም።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀው ንግግር ከአፉ ጠፋ። ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ከዚያን ቀን ወዲህ በሳምንት ሁለቴ፣ ኋላ ላይ ሦስቴ መመላለስ ጀመረ። አንዲት ዊግ ፀጉር በፀጉር እየተቋጠረች ለመጨረስ ወር ከምናምን እንደምትፈጅ አየ። ፀጉር ከጫፉ እየተፈታ ወደ ሥሩ ይበጠራል እንጂ ከሥሩ እንደማይጀመር ተማረ። መሣሪያውን ፈታትቶ እንደገና ሠራው፤ እጀታው ቀጠነ፣ ፀጉር ሲይዘው ራሱ ቆሞ ወደ ኋላ እየዞረ እንዲለቅ አደረገው።

አንድ ከሰዓት ሙቀቱ ክፍሏን ምድጃ አድርጓት ነበር። መርፌዋን አስቀመጠች። ለአፍታ አየችው፤ ከዚያ ዊጓን አወለቀችና ምስማር ላይ ሰቀለችው።



«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በሦስት ወር ውስጥ ረግፎ አለቀ» አለች። «ሐኪሞቹም አይመለስም አሉኝ። ምንድነው እንዲህ የምታየው?»

«ጆሮሽን። እስከ ዛሬ ተሸፍኖ አይቼው አላውቅም። ያምራል።»

 ልጅቷ መርፌዋን ለማንሳት ስትሞክር ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጣት።

እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ንግግሯ አጭር፣ አለባበሷ የተስተካከለ፣ ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ ዝርክርክ ብላ የማትታይ። «የማስተዋውቅሽ ሰው አለ» ሲላት ቤቱን ስትወለውል ሰነበተች።

ቀኑ ደርሶ በሩን በፈገግታ ከፈተችው። ልጅቷን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። የያዘችው ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«ራሴን አሞኛል» ብላ መኝታ ቤቷ ገባች። አልወጣችም።

በማግስቱ ጠዋት «ይቺ ልጅ አትሆንህም» አለችው።

«ምን አደረገችሽ እማዬ? አንድ ቃል እንኳ አልተነጋገራችሁም!»

«አትሆንህም አልኩህ፣ አትሆንህም! ራሰ በራ ሚስት አግብተህ መሳቂያ ልትሆን ነው?»

በቆመበት ደረቀ። ልጅቷ ፀጉር እንደሌላት ለእናቱ ነግሯት አያውቅም። ትናንትም ዊጓን አላወለቀችም።

እየሮጠ ወደ ዊግ ሠሪዋ ሄደ።

«እናቴን ከዚህ በፊት ታውቂያታለሽ?»

ፊቷን ወደ ጨርቅ ጭንቅላቶቹ አዞረች።

«ማወቅሽን አትክጂኝ! ምን ተፈጥሮ ነው እንዲህ የጠላችሽ? ምን አድርገሻት ነው?»

«እባክህ አትጠይቀኝ።»

«ላገባሽ ነው እኮ! ምን ደብቀሽኝ ነው?»

«የኔ የሆነውን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ» አለች። «ይሄኛው የኔ አይደለም። የሰው ነው። ይሄን ካልነገርሽኝ አልፈልግሽም ካልክ… በሩ ክፍት ነው።»

ወጣ። በንዴት ወጣ፤ ደረጃው ላይ ሊመለስ አስቦ እልህ ያዘው።

ሁለት ወር አለፈ። መሣሪያው አለቀ። በሁለተኛው ሙከራ የተጋበዙት ሌሎች አሥራ ሁለት ሴቶች ሁሉም ወደዱት፤ ሥራ አስኪያጁ በደስታ አቅፎት ከመሬት አነሳው። እሱ ግን እንደ እንጨት ቆሞ ነበር።

ያን ዕለት ቤት ሲገባ እናቱ ፊቱን አየችው። «ከዚያች ልጅ ጋር እንዴት ሆናችሁ?» አለች፣ እንደ ዋዛ።

«ተለያየን። ላንቺም ደስ ይበልሽ። ምን እንዳጣላችሁ ለምኛት ለምኛት አልነግርህም አለች።»

«አልነገረችህም?»

«አልነገረችኝም።»

«እንዲያ ብዬ ሰድቤያት… ስድቤን ነግረሃታል?»

«ነግሬያታለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቃት ደብዳቤ ጽፌላት ነበር። አልመለሰችልኝም።»

እናቱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ሁለት እጇን ወደ ራሷ አነሳች። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደንቀውን፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ፀጉሯን ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። ከራሷ ተላቀቀ።

ልጇ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። የሰው ፀጉር ሲመረምር የኖረ ሰው፣ አብራው ቁርስ የምትበላውን እናቱን ሳያያት ኖሯል።

«ስድስት ዓመት ሆነኝ» አለች። «በሕመሜ ጊዜ ነው ፀጉሬ የረገፈው፤ አንተ ለትምህርት ሄደህ ሳለህ። ዊግ ላሠራ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሳለቅስባት፣ ልጅቷ የራሷን አውልቃ አሳየችኝ። አይዞዎት ብላ። እኔ ደግሞ ቤቴ ስትመጣ ጉዴ ወጣ ብዬ… በዚያው ባጽናናችኝበት ነገር ሰደብኳት።»

ተነስቶ ወደ በሩ ሲሮጥ እጁን ያዘችው። «ቆይ። መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

አብረው ሄዱ። እናቱ ፀጉሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ራሷን በሻርፕ ሸፍናለች። ዊግ ሠሪዋ በሩን ከፍታ ሁለቱን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ግን ወዲያው ፊቷን አስተካክላ፣ ከዚህ በፊት አይታት እንደማታውቅ ሰው «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች።

አሁንም ምስጢሯን እየጠበቀችላት ነው። ይሄኔ እናትየው አልቻለችም፤ ሻርፑን ስባ ጣለችው።

«ያውቃል ልጄ። ነግሬዋለሁ። እግርሽ ላይ ልውደቅ?»

ፋብሪካ ሙሉ ሰው ፊት ራሷ ሲገለጥ ያልደነገጠችው ልጅ፣ አሁን አለቀሰች። እናትየው አቅፋ ያዘቻት። ንድፍ አውጪው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ ልጅቷ በእናቱ ትከሻ ላይ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ።»

ሠርጋቸው ላይ ሙሽራዋ ያለ ዊግ ገባች። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታው እንደ ንብ ተነሳ። የሙሽራው አክስት ልትታገስ አልቻለችም። ሙሽሮቹ አጠገብ ወደተቀመጠችው ወደ እናቱ ጎንበስ ብላ፣

«እህት ዓለም፣ አንቺ ይሄን የመሰለ ፀጉር ይዘሽ እንዴት መላጣ ምራት ተቀበልሽ?» አለቻት።

እናትየው ፀጉሯን በመዳፏ ደባበሰች።

«ምን ችግር አለው? የኔ ለሁለታችን ይበቃል።»

ሙሽራዋ በሳቅ ፈረሰች። ሙሽራውም ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሦስቱ እንባቸው እስኪወርድ ሲንከተከቱ አክስቲቱ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያየች አፏን ከፍታ ቀረች።