ጋኑን ያለሰለሰው እጅ

እኔ የቡዳና የሰይጣን ወሬ አምኜ አላውቅም፣ ደግሞስ እንዴት ብዬ ልመን፣ ሸክላ ስለምሠራ ብቻ ቡዳ ነች እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ማንንም በልቼ እንደማላውቅ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ስለዚህ ወዳጄ፣ የምነግርህን እንደዚያ ወሬ አትስማው፣ በራሴ የደረሰ ነው።

ባቡር አዳማ መቆም ከጀመረ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ጣልያን ገና አልመጣም ነበር። ቤቴ ከከተማው ዳር፣ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፣ የምኖረውም ብቻዬን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ይሸሹኛል፣ እኔም ተናድጄ መሄዱን ተውኩና ጸሎቴን ከጭቃዬ ጋር አደረግሁት። እመነኝ፣ እጄ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ልቤ ይረጋል፣ አንድ ዕቃ ቅርጽ ይዞ ሲቆምልኝ እኔንም ከአፈር ያበጀኝን አስብና "ተመስገን" እላለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ መጡ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጠላ የሚሸጡ ሴት ናቸው፣ ትልቅ ጋን አዘውኝ ነበር። በእኔ ጋን ይጠምቃሉ፣ እኔ ቤት ግን አይገቡም፣ ሁልጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው የሚጣሩት።

"አንቺ፣ ጋኑ ደረሰ?"

"ቅርጹን አስይዤዋለሁ እትዬ፣ ማለስለሱ ነው የቀረኝ፣ ገብተው ይዩት።"

"ምን በወጣኝ፣ እዚያው ሆነሽ ንገሪኝ።"

ደሜ ፈላ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ከቤት ውስጥ ሸርተት፣ ሸርተት የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ጭቃ በድንጋይ ሲታሽ የሚወጣው ድምፅ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የኖርኩበት ነውና አልሳሳትም።

"ማን አለ ውስጥ?" አሉኝ።

"ማንም የለም።"

ድምፁ ቆም አለ፣ እንደገና ቀጠለ፣ ከዚያ አንዲት ሴት፣ ሥራ ጨርሳ እንዳረፈች ሰው ቀስ ብላ፣ "ተመስገን" አለች። እትዬ አስካለ አማተቡና ነጠላቸው እስኪወድቅ ሮጡ።

ገባሁ። ቤቱ ባዶ ነው፣ በሩ አንድ ነው፣ መስኮት የለውም። ጋኑ ግን ከአፉ እስከ ቂጡ ለስልሶ ያበራል፣ የማለስለሻው ድንጋይ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሳነሳው ሰው እጅ ውስጥ እንደቆየ ነገር ይሞቃል።

ሳይመሽ ከተማው ሁሉ ሰማ፣ ምን ተባለ መሰለህ፣ ቤቷ ሰይጣን ታኖራለች ተባለ። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው፣ ሰይጣን ተመስገን ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል? እግዜርን ያመሰገነ ድምፅ ሰይጣን ሲባል የሚቆጣ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ንዴቴን ይዤ እትዬ አስካለ ደጅ ሄድኩ። "እትዬ፣ ምን በደልኩዎት? የሰሙት ምስጋና ነው፣ ስሜን ለምን ያጠፋሉ?" አልኳቸው።

እንደ ወትሯቸው አልጮኹብኝም፣ ጭራሽ ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

"ልጄን ይንሳኝ፣ ምስጋና መሆኑንማ ሰምቻለሁ፣ የሸሸሁት ከቃሉ አይደለም። ድምፁ የአንቺ ነበር፣ አንቺ ደግሞ አፍሽን ገጥመሽ ፊት ለፊቴ ቆመሻል።"

ውሸታም ናቸው እያልኩ፣ እየተንጨረጨርኩ ተመለስኩ። ግን በልጃቸው ምለዋል፣ እኔ ደግሞ ድምፄ ለሰው ጆሮ ምን እንደሚመስል በምን አውቃለሁ? ጋኑ ዛሬም ቤቴ ጥግ እንደቆመ ነው፣ ደርቋል፣ እሳት ብቻ ነው የቀረው፣ ያለሰለሰችው ማን እንደሆነች ሳላውቅ እሳት ልለቅበት አልደፈርኩም።