ሰኞ የታጠበው ሹራብ

መርከቧ «ሮዛ ሜይ» የተሠራችው ዓሣ ለማጥመድ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ባሕር ኃይሉ ወሰዳት፤ ግራጫ ቀባት፤ አፍንጫዋ ላይ መድፍ ተከለባትና ጀርመኖች በእንግሊዝ አገር በግሪምስቢ ወደብ አፍ ላይ የሚዘሩትን ፈንጂ እንድትጠርግ አዘዛት። መርከበኞቿ ግን ያው ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። መረብ በሚጎትቱበት እጃቸው አሁን ስለታም ሽቦ ይጎትታሉ፤ ሽቦው የፈንጂውን ማሰሪያ ይቆርጣል፤ ፈንጂው ብቅ ሲል በጠመንጃ ያፈነዱታል። በፈረንጆቹ 1941 የጸደይ ወራት አርባ አንድ ፈንጂ አስወግዳ ነበር።

ይህን ሁሉ ለኢኒድ የነገራት ዊልፍ ታስከር ነው፤ ሳትጠይቀው። እሷ ከመሀል አገር፣ ከሼፊልድ ከተማ መጥታ መረብ በሚሠራበት ቤት ተቀጥራለች፤ እሱ ለመርከቧ ገመድ ሊወስድ መጥቶ ነው።

«ስንት ፈንጂ እንዳወጣን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ሳትነግረኝ እንደማትሄድ ግን አውቃለሁ።»

አብረዋት መረብ የሚሠሩት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ዊልፍ እስከ ጆሮው ቀላ። በማግስቱ ግን ለገመድ ተመልሶ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን።

«ይህች መርከብ ገመድ ትበላለች እንዴ?» አለችው።

«ገመዱን ተይው» አለ መሬት መሬት እያየ። «እሑድ ሥራ አለሽ?»

እሑድ ሥራ አልነበራትም።

እናቱ ወይዘሮ አግነስ ግን ልጅቷን አልወደዷትም። ባላቸውን ባሕር በልቶባቸዋል፤ ከመሀል አገር የመጣች ልጅ ስለ ባሕር ምን ታውቃለች?

አንድ ሰኞ ጠዋት ዊልፍ ወደ መርከቡ ሲሄድ በኢኒድ ደጅ ቆመና እናቱ የሠሩለትን ሰማያዊ ሹራብ አውልቆ ሰጣት። «እጠቢልኝ፤ ረቡዕ ስመለስ እወስደዋለሁ።» ሰኞ አገሩ ሁሉ ልብስ የሚያጥብበት ቀን ነው። ኢኒድም እያንጎራጎረች አጥባ በጓሮ አሰጣችው።

የታስከሮች ጓሮ ከእሷ ጓሮ አጠገብ ነበር። ወይዘሮ አግነስ ሹራቡን ሲያዩ በሩን በርግደው ገቡ።

«የባሕር ሰው በወጣ ቀን ልብሱ አይታጠብም! ባሕሩ ጠርጎ ይወስደዋል! ማነው እጠቢ ያለሽ?»

ኢኒድ ልትናገር አፏን ከፈተች። ባይመለስስ? ያኔ እኚህ ሴት በሞተ ልጃቸው ሲቆጡ ሊኖሩ ነው። በእኔ ይቆጡ፣ አለች በልቧ።

«ማንም አላለኝም። በራሴ ነው።»

«እንግዲያው ልጄ ሳይመለስ ደጄን እንዳትረግጪ!» ሹራቡን ከነውሃው አቅፈው ወጡ።

ረቡዕ አለፈ። ሐሙስም አለፈ። ዓርብ ዕለት አንዲት ፈንጂ ጠራጊ መርከብ ፈንጂ እንደመታት ተወራ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን የሚያውቅ ጠፋ። ኢኒድ ስታልፍ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ጣቷ እስኪደማ መረብ ቋጠረች። ምን ያህል እንደምትወደው የገባት ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ወይዘሮ አግነስ ቆመዋል። ከኋላቸው አንድ እጁ በፋሻ የታሰረ፣ ጺሙ ያደገ ዊልፍ አለ።

«ንገራት» አሉት እናቱ።

«ፈንጂ የመርከቧን ኋላ ሰብሮት ነው የቆየነው፤ ጎትተው አመጡን። ሁላችንም ደኅና ነን።»

«እሱን አይደለም!»

ዊልፍ አቀረቀረ። «ሹራቡን የሰጠሁሽ እኔ እንደሆንኩ ለእማዬ ተናዝዣለሁ። ደንቡንም አውቅ ነበር። እኔ... ተመልሼ የምወስደው ነገር አንቺ ዘንድ እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው።»

«አንተ ቂል!» አለች ኢኒድ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ገደልከኝ እኮ!»

ወይዘሮ አግነስ አተኩረው አዩዋት። «ስረግምሽ ስሰነብት ለምን ዝም አልሽ?»

«ምናልባት ባይመለስ... በእሱ እንዳያዝኑበት ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ከካፖርታቸው ሥር ሹራቡን አወጡ፤ ደርቆ በወግ ታጥፏል። ለልጃቸው ሳይሆን ለኢኒድ ሰጧት።

«ነገ ምሳ እኛ ቤት ነው» አሉ። «እንዳታረፍጂ፣ ልጄ።»

«ሮዛ ሜይ» ተጠግና ጦርነቱ እስኪያልቅ ፈንጂ ጠረገች። በ1946 ግራጫው ቀለም ተፍቆላት ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ዊልፍን ይዛ ወደ ባሕር የወጣችበት ቀን ሰኞ ነበር። በየጓሮው ነጭ አንሶላ ሲውለበለብ የታስከሮች የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ባዶውን ዋለ። ምራትና አማት የቆሸሸ ልብስ ክምር መሀል አድርገው ሻይ ይጠጣሉ።

«ያ ሹራብ ይሸታል» አሉ ወይዘሮ አግነስ አፍንጫቸውን ይዘው።

«ይሽተት» አለች ኢኒድ። ከክምሩ መዘዘችና ለበሰችው።