ያልተመለሰው ትልም

ኡበይድን ከትራክተሯ ስር ለማውጣት አሥራ አንድ ሰው አስፈለገ። ኢንስፔክተር እናትነሽ ሐሙስ ጠዋት ከውጫሌ ስትደርስ አስከሬኑ ጋቢ ለብሶ እርከኑ ጥግ ተጋድሞ ነበር። ትንሿ ትራክተር ጎማዎቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ አጠገቡ ተገልብጣለች። የአምባሰል ጭጋግ እስከ ማሳው ወርዷል፤ የሚያለቅሰው ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያለቅሰው።

«ልጄ፣ አደራ ቶሎ ጨርሽ» አሏት አባ ኑርዬ፣ የገበሬዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ። «ጀናዛ አይቆይም።»

እናትነሽ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። አባቷ የወፍጮ ቤት ሰው ስለነበሩ ከብረትና ከቅባት ጋር ነው ያደገችው፤ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን ታያለች። አስከሬኑን ከመረመረች በኋላ ዳገቱን ወጥታ የታረሰውን መሬት ተመለከተች። አንድ ትልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ተስቧል። ሁለተኛው ከማዶ ተነስቶ ሲመለስ፣ ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይሞላ ተቆርጧል። ከዚያ በታች ያለው የተፋቀ አፈርና የተሰበረ የእርከን ድንጋይ ነው።

ነገሩን ያስረዷት አባ ኑርዬ ናቸው። አምስት አባወራዎች ትራክተሯን በጋራ ገዙ። ሜዳ ላይ ምንም እንከን አልወጣላትም፤ ዳገት ላይ ግን ጠባብ ናትና ሁለት ጊዜ ጎማዋን አንስታ ሰው አስጮኸች። ማኅበሩም ለሁለት ተከፈለ። ሙነወር «ትሸጥና ሰፊና ከባድ ትራክተር እንግዛ» አለ። ሟቹ ኡበይድ ደግሞ «ከባዱ እርከን ላይ አይወጣም። ይችኑ እናስተካክላት» ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ሐይቅ ከተማ ያለ ወንዱ የሚባል በያጅ የኋላ ጎማዎቿን በየጎኑ አንዳንድ ስንዝር ወደ ውጭ አሰፋቸው፤ ክብደት እንዲጨምሩም ውኃ ሞላባቸው። የቀረው ከመቀመጫው በላይ የሚበየደው የብረት ቅስት ነበር፤ ብትገለበጥ እንኳ ሰው እንዳትጨፈልቅ። ቅስቱ ዓርብ ሊገጠም፣ ቅዳሜ ሁሉም ባለበት ዳገቱ ላይ ተሞክራ ሊወሰን ተቀጥሮ ነበር። ኡበይድ ግን ቅዳሜን አልጠበቀም።

«ልቡ አላስችለው ብሎ ነዋ» አሉ አባ ኑርዬ። «አላህ ይዘንለት።»

ወንዱ እኩለ ቀን ሳይሆን ተይዞ ውጫሌ ጣቢያ ገባ። አገሩ ፍርዱን ጨርሷል፤ በያጁ የማይችለውን ሠርቶ ሰው አስገደለ። ቀባሪው ሲመለስ የሟች ሚስት መሪማ ኢንስፔክተሯን ለብቻዋ ያዘቻት።

«ቸኩሎ ራሱን ገደለ የሚሉኝ አሉ። ወንዱ ነው የገደለው የሚሉኝም አሉ። እህቴ፣ አንዱን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪኝና ልቀበለው። በሁለቱ መሀል ሆኜ እንዴት ልደር?»

«እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ» አለቻት እናትነሽ። ቃል መስጠት አትወድም ነበር፤ ሰጠች።

ወደ ትራክተሯ ተመልሳ ድንጋይ አንስታ የግራውን የኋላ ጎማ መታችው። ድፍን ድምፅ ሰጠ። የቀኙን መታችው፤ ባዶ በርሜል ይመስል ጮኸ። ጎማው አልተቀደደም፤ የመንፊያው ክዳንም ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። ተንበርክካ ከስሩ ያለውን አፈር በጣቷ ጫረች። ደረቅ አቧራ ነው። እጇን አራግፋ ስትነሳ ያ ዝም ያለ ዳገት ድንገት አስፈራት።

ዓርብ ጠዋት ታሪኩ የሚባለውን ሹፌር አገኘችው፤ ከኡበይድ ጋር እየተፈራረቀ የሚነዳው እሱ ነው።

«ጎማዎቹን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ማታ፣ ከሐይቅ ስናመጣት። ኡበይድ ሁለቱንም በመዶሻ እየመታ "ስማ፣ ጥግብ ብለዋል" እያለኝ ሲስቅ ነበር።»

«ረቡዕስ?»

«እኔ ቅስቱን ላስለካ ተመልሼ ሐይቅ ነበርኩ። ትራክተሯ አባ ኑርዬ ግቢ ነበረች። የሰፈሩ ሰው ማዶ ለቅሶ ሄዷል። ዱዓውን የመሩት አባ ኑርዬ ራሳቸው ናቸው፤ ኡበይድም አብሯቸው ነበር።»

ሙነወር ቤቱ ደጃፍ፣ ሞተር ብስክሌቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የእጅ ፓምፕ ኮርቻው ላይ ታስሯል።

«ለቅሶ አልሄድክም አሉ።»

«ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ዋልኩ። ሐሙስም የቀሰቀሰኝ ጩኸቱ ነው። ወላሂ እኔ ብያቸው ነበር! ያረጀ ነገር ቢጠግኑት መልሶ ጠላት ነው። የኔ ማሳ ሜዳ ነው፤ እኔ ምን ቸገረኝ? ለነሱው ብዬ ነው።»

እናትነሽ ከአጥሩ ስር ያሉትን የጫት ችግኞች ትመለከት ነበር። በሰፈሩ ያለው ችግኝ ሁሉ ጠውልጓል፤ ምንጩ ከደረቀ ሳምንት አልፎታል፤ ውኃ በአህያ ነው የሚመጣው። የሙነወር ግን ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል።

«ምን ነካቸው?»

«ድርቁ ነዋ።»

ጎንበስ ብላ አንዱን ስር ነካችው። አፈሩ እርጥብ ነው። ጥቂት አፈር በመሐረብ ቋጥራ ተሰናበተችው።

ከሰዓት በኋላ ውጫሌ ጣቢያ ገብታ ወንዱን አስጠራችው። በያጁ ገና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ገመድ ይዤ ነው የለካሁት፣ ሁለቱም ጎን እኩል ነው! የሰው ነፍስ እንዳለበት አጥቼው ነው?»

«ውኃውን ከየት ቀዳኸው?»

«ከሐይቁ።»

«ውኃ ብቻ ነው?»

ወንዱ አቀረቀረ። «ለማኅበሩ አልተናገርንም እንጂ... ጨው በጥብጬበታለሁ፤ በየጎማው ሩብ ኩንታል። ጨዋማ ውኃ ይከብዳል። ከጎማው ውስጥ ባለው ላስቲክ፣ በካላማዳሪው ውስጥ ስለሆነ ብረቱን አይነካውም። ግን ጨው ከሰሙ ትራክተራችንን አዛገብን ብለው ይጮኻሉ ብለን እኔና ኡበይድ ዝም አልን።»

ቅዳሜ፣ ለሙከራው በተቀጠረው ሰዓት፣ ሁሉም ዳገቱ ላይ ተሰበሰቡ። ወንዱ በፖሊስ ታጅቦ መጣ። መሪማ ከሴቶቹ ፈንጠር ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጭጋጉ እንደዚያን ቀን ወርዷል።

«ትልሙን እዩት» አለች እናትነሽ። «ኡበይድ ሲሄድ በሰላም ሄደ። ሲመለስ ወዲያው ተገለበጠ። ዳገቱ ያው፣ ሰውየው ያው። ምንድነው የተለወጠው? ሲሄድ ከላይ በኩል የነበረው የግራ ጎማ ነው፤ ሲመለስ የቀኙ። ትራክተሯን በክብደቱ ዳገቱ ላይ የሚይዛት ደግሞ ላይኛው ጎማ ነው። ብየዳው ቢሆን ጥፋቱ፣ ጎማዎቹ በሁለቱም ጎን እኩል ወደ ውጭ ወጥተዋልና ሲሄድም በወደቀ ነበር። ታሪኩ፣ እስቲ ሁለቱንም ምታቸው።»

ታሪኩ መታ። ድፍን። ባዶ። ሰዉ አጉረመረመ።

«የቀኙ ውኃ የለውም። ሲገለበጥ ፈሰሰ እንዳንል ጎማው አልተቀደደም፣ ክዳኑ አልወለቀም፣ መሬቱ ደረቅ ነበር። እንግዲያው ውኃውን ሰው አውጥቶ፣ ጎማው እንዳይታወቅበት በንፋስ ሞልቶታል። ማክሰኞ ማታ ውኃው ነበረ። ረቡዕ ታሪኩ ሐይቅ፣ ወንዱም እዚያው ሱቁ ነበር። አባ ኑርዬ ዱዓ ላይ ነበሩ። ፓምፕ ያለው፣ ወገቤን አሞኛል ብሎ ሰፈር የቀረ አንድ ሰው ነው።»

ሙነወር ብድግ አለ። «ፓምፕ ስላለኝ ነው ነፍሰ ገዳይ የምባለው?»

«አይደለም። እዚህ አገር ሰው ውኃ መሬት ላይ መድፋት ስለማይሆንለት ነው። ሰማንያ ሊትር ያህል በጀሪካን ቀዳህ። ምንጭ በደረቀበት ወር ልትደፋው እጅህ እንቢ አለህ። ችግኞችህን አጠጣህበት።» ከግራው ጎማ በብርጭቆ ያስቀዳችውን ውኃ ለአባ ኑርዬ ሰጠች። «ይቅመሱት።»

ሽማግሌው ቀምሰው ተፉት። «ጨው!»

«ምን ጨው?» አለ ሙነወር። ፊቱ አመድ መሰለ።

መሐረቡን ፈትታ እርጥቡን አፈር ዘረጋችለት። «ያንተም ችግኝ የጠጣው ይህንኑ ነው። ቀምሼዋለሁ። ችግኝህን ያቃጠለው ድርቅ አይደለም።»

የወንዱ እጅ ሰንሰለት ሲፈታ ተሰማ። ሙነወር በቁሙ ማልቀስ ጀመረ።

«ቅዳሜ ብዬ ነበር! ቅስቱ ተገጥሞ፣ ሰው ሁሉ እያየ ትወድቅና ሐሳባችሁን ትለውጣላችሁ ብዬ ነው። በአላህ ስም፣ ኡበይድን ልገድል አላሰብኩም። ሐሙስ እንደሚወጣ በምን ልወቅ?»

መሪማ ከድንጋዩ ተነስታ ፊት ለፊቱ መጣች።

«ወደዚህ መውጫው በደጅህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሐሙስ ሲያልፍ አላየኸውም?»

ሙነወር መሬት መሬት አየ።

«ኡበይድ ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ምን አለህ?»

«አሰላሙ ዓለይኩም አለኝ።»

«መለስክለት?»

«መለስኩለት።»

«ቅስቱ እንዳልተገጠመ እያየህ?»

ሙነወር ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። መሪማ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ቁልቁል ወረደች።