ከፍ ብሎ የተቀመጠው ዳቦ

ስልኩ ሲጠራ ካሊማ ቢሮዋ መስኮት ላይ ተደግፋ የሱፍ አበባ ፍሬ እየፈለፈለች ነበር። የደወሉት ቡሩልካን ኤጄ ናቸው፤ በዚያ አገር ታላቅ ሴት «ኤጄ»፣ ታላቅ ወንድ «ባይኬ» ተብሎ ይጠራል። ሴትዮዋ አንደኛ ክፍል እጇን ይዘው ፊደል ያስጻፏት መምህሯ ናቸው፤ ዛሬ የዚያው የመንደሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነዋል። እሷ ደግሞ የወረዳው መርማሪ ሆናለች።

«ኡምሱን ሞተችብኝ፣ ልጄ» አሉ። «ከወጥ ቤት ወደ ምድር ቤት የሚወርደው ደረጃ ላይ ወድቃ። ሌላ ሰው እንዳይልኩብኝ፤ አንቺው ነይልኝ።»

ካሊማ ፍሬውን ኪሷ ከታ ተነሳች። ኡምሱን ኤጄ የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ነበሩ። እሳቸውን የማያውቅ ልጅ በዚያ መንደር የለም፤ የእሳቸውን ሾርባ ሳይጠጣ ያደገ ሰው ካለ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

የቅዳሜውን ገበያ ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው። ድሮ የመንደሩ ሴቶች ወተትና ድንች ተሸክመው ከተማ ድረስ ይንከራተቱ ነበር። እሳቸው ናቸው «የትምህርት ቤቱ ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶውን ለምን ይውላል?» ብለው የተነሱት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲሆን የእግር ኳሱ ጎል ላይ የሽንኩርት ጉንጉን ይንጠለጠላል፤ ልጆቹ ደግሞ ሊጥ በዘይት የሚጠበስበት ብረት ድስት ዙሪያ ይሻማሉ።

ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ ካሊማ ስትደርስ ግን ግቢው ጭጭ ብሏል። የሚሸጥ የለም፤ የሚሄድም የለም። ሁሉም ዕቃው አጠገብ ቆሞ ወደ ወጥ ቤቱ ያያል።

ቡሩልካን ኤጄ በር ላይ አቀፏት። ሲላቀቁ ካሊማ ግንባራቸው ላይ፣ ከሻሻቸው ጠርዝ በታች፣ ነጭ ዱቄት አየች። በዚያ ሐዘን መሀል እንኳ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ልጅ ሳለች እኮ መምህሯ ግንባራቸው ወይም አፍንጫቸው ላይ ጠመኔ ያልነካቸው ቀን አልነበረም። መሐረቧን አውጥታ ጥርግ አደረገችላቸው።

«ዛሬም ያው ነዎት፣ ኤጄ» አለቻቸው። እሳቸው እጇን ስመው አለቀሱ። እሷም አለቀሰች።

ከዚያ የሆነውን ነገሯት። ቢሮአቸው ቁጭ ብለው ሳለ ጩኸት ሰሙ፤ ሮጠው ሄዱ፤ ግን ጉልበታቸው ደረጃ ስለማያስወርዳቸው ከላይ ሆነው ብቻ አዩ። ምድር ቤቱን ከረገጡት ዓመት አልፏቸዋል። ታች ሬሳው አጠገብ የተገኘችው ሱሳር ናት፤ የመንደሩ ፖሊስም ይዞ የስፖርት ዕቃ ቤት ቆልፎባታል።

«ሰው መወንጀል ኃጢአት ነው» አሉ ቡሩልካን ኤጄ፣ «ግን ጠዋት ስትጮህባት አገር ሰምቷል።»

ሱሳር ባሏ የሞተባት ወተት ሻጭ ናት። ካለፈው ወር ጀምሮ ሕይወቷ ገሃነም ሆኗል። ሦስት የአንደኛ ክፍል ልጆች የማይለቅ ትኩሳት ይዟቸው ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሐኪሞቹ ላሞችን የሚያስወርድ፣ በጥሬ ወተት ከከብት ወደ ሰው የሚገባ በሽታ ነው ብለዋል። መንደሩ ወዲያው ሱሳር ላይ ተነሳ። ከሦስቱ ልጆች አንዷ የገዛ ልጇ መሆኗን እንኳ ማንም አላሰበላትም።

ካሊማ መጀመሪያ ወጥ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስኒ ሻይ አለ፤ ቀዝቅዟል፤ ማንም አልቀመሰውም። እስከ አፉ ሞልቷል። ካሊማ ቆማ አየችው። በእነሱ ዘንድ ለእንግዳ ሻይ የሚቀዳው እስከ ግማሽ ነው፤ ሲያልቅ ይደገማል፣ ወሬውም አብሮ ይቀጥላል። ሙሉ ስኒ ከተሰጠህ ግን ነገሩ ገብቶሃል፤ ጠጥተህ ውጣ ማለት ነው።

ወደ ምድር ቤት ወረደች። ኡምሱን ኤጄ ደረጃው ሥር በጀርባቸው ተኝተዋል። አጠገባቸው የዳቦ ቅርጫት በጎኑ ወድቋል፤ ክቦቹ ዳቦዎች በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ናቸው። ወለሉ በኖራ ነጭ ሆኗል፤ በኋላ ተንጋግቶ የገባው ሰው ግን ረግጦ ረግጦ አበላሽቶታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ካሊማን ወደ ጥግ ስባ፣ ጭንቅላታቸው ተመትቷል፤ ግን ወዲያው አልሞቱም፤ ጥቂት ቆይተዋል፤ ያኔ ሰው ቢደርስላቸው ምናልባት ይተርፉ ነበር አለቻት።

ካሊማ ወደ ላይ ስትመለስ ነው ያየችው። ከደረጃው ራስ፣ ከበሩ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ክብ ዳቦ ብቻውን ተቀምጧል። ፊቱ ወደ ላይ ነው። አነሳችው። ከሥሩና ከጎኑ ኖራ ለብሷል።

ይዛው ወደ ግቢው ወጣች።

ወርደው የነበሩትን ሁሉ ጠየቀች። ዳቦ የነካ የለም። ፖሊሱም አልነካም።

ሱሳር ያረጀ የስፖርት ፍራሽ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ለቅሶዋ አልቋል፤ የቀራት ንዴት ነው።

«ዳቦ አይተሻል?» አለቻት ካሊማ።

«መደርደሪያው ላይ ያለውን? አዎ፤ ስወርድ ነው ያየሁት። ዳቦ እዚያ ማን ሰቀለ ብዬ ገርሞኛል። ወተቱ ታች እንዲቀዘቅዝ ብዬ በሁለት እጄ ጣሳ ይዣለሁ፤ ሁለት ደረጃ ወረድኩ፣ ከዚያ እሳቸውን አየሁ።»

«ጠዋት ለምን ጮህሽባቸው?»

«ልጆቹን ያሳመመው የማን ወተት እንደሆነ ያውቃሉ እኮ! እሳቸው እኮ እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደበላ ያውቃሉ። ለሰው ይንገሩልኝ፣ ስሜን ያጥሩልኝ አልኳቸው። ቀትር ላይ በገበያው ፊት ይነገራል፣ ጠብቂ አሉኝ። አሁን በሉ ብዬ ነው የጮህኩት።» አፏን በመዳፏ ጠረገች። «እኔ ወተቴን ሳላፈላ ለድመትም አልሰጥም፣ ኤጄ። ልጄ የታመመችው ከቤቴ ወተት አይደለም።»

«ውጭ ምን ትበላለች ታዲያ?»

ሱሳር አሰበች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሽልማት አገኘሁ እያለች ትመጣ ነበር። ጥሩ ያነበበ ልጅ ዳቦ ላይ ስልባቦት ይቀባለታል። ደስ ብሏት ስለነበር እናቷም ማነው የሚሰጥሽ ብላ አልጠየቀቻትም።

ካሊማ የአንደኛ ክፍልን በር ገፋ አድርጋ አየችና ወጣች። ከዚያ ወደ ማር ሻጩ ወደ ጁማሽ ባይኬ ሄደች። እሳቸውም ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ናቸው፤ ከኡምሱን ኤጄ ጋር ተኮራርፈው ወር ሆኗቸዋል።

«ማሬን ሽንት ቤት አጠገብ አስቀመጠችብኝ» አሉ። «ንቡም ሸሸኝ ሰዉም ሸሸኝ። ለዚህ ግን ሰው አይገደልም፤ ቢበዛ ይረገማል። ረግሜያታለሁ፤ አልክድም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ድንቹ እንዳይበሰብስ ብላ ምድር ቤቱ ላይ ኖራ በትንልኝ ስትለኝ እየረገምኩ በትኜላታለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት?»

«ገበያው ሳይከፈት። ከዚያ በፊት ጥቁር አፈር ነበር።»

ካሊማ እጇን ኪሷ ከታ አንድ ፍሬ አወጣች፤ ግን አልቆረጠመችውም። በዚህ መንደር ላም ያስወረደችበት ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሰውየው ጺማቸውን አሻሹ፤ ወደ ወጥ ቤቱ አዩ፤ መልሰው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጸደይ አንዲት ቀይ ላም ቀኑ ያልደረሰ ጥጃ ጥላ ራሳቸው እንደቀበሩት፣ ለማንም እንዳይናገሩም እንደተለመኑ ነገሯት።

«የተማረች ሰው ናት፣ ከኔ የበለጠ ታውቃለች ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። ቀጥለው የላሚቱን ባለቤት ስም ጠሩ።

ካሊማ ፍሬውን ጣለችው። ግቢው ማዶ ቡሩልካን ኤጄ ሴቶቹን እያጽናኑ ነው። በየመሀሉ ግንባራቸውን ይነካሉ። እሷ ነጩን የጠረገችላቸው ቦታ ላይ ቆዳው ቀልቷል።

ሁሉንም አንደኛ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ትልልቅ ሰዎች የሰባት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ያስቃል፤ የጁማሽ ባይኬ ጉልበት ጆሯቸው ሊደርስ ነው፤ የሳቀ ግን የለም። ሱሳር ከፖሊሱ አጠገብ፣ ነርሷ በሩ ጋ ተቀመጡ። ቡሩልካን ኤጄ በልማድ ሄደው የመምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ኡምሱን ኤጄ ከመሞታቸው በፊት ከአንድ ሰው ጋር ተቀምጠው ሻይ ቀድተዋል» አለች ካሊማ። «በገበያ ቀን፣ ያ ሁሉ ሥራ እያለባቸው። ስለዚህ ሰውየው ቁጭ ብለው የሚያናግሩት ወዳጅ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ስኒውን ሞልተው ሰጡት። ለሱሳር ነው እንዳትሉ፤ እሷን ግቢ ውስጥ ቆመው ነው ያናገሯት። ደግሞ ሱሳር ከማንም በላይ እሳቸው ቀትር ድረስ እንዲኖሩ ትፈልግ ነበር። ስሟን የሚያጠራላት ሌላ ሰው የላትም።»

ፖሊሱ ከሱሳር ትንሽ ፈቀቅ አለ።

ካሊማ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ከቅርጫቱ ተንከባልሎ ታች ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ኖራው ይመሰክራል። ከዚያ ከበሩ በላይ ወጥቶ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ተገኘ። ሱሳር ስትወርድ እዚያ ነበር። የሞተ ሰው ዳቦ አያነሳም። እንግዲህ ከእሷ በፊት የወረደ አለ። ያ ሰው ኡምሱን ኤጄ ራሳቸው የወደቁ እንዲመስል ሁሉንም እንዳለ ትቶ መውጣት ነበረበት። ግን መሬት ላይ ዳቦ አየ። ከመካከላችን መሬት ላይ ዳቦ አይቶ ማለፍ የሚችል ማነው?»

ጁማሽ ባይኬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠመኔ አቀብሉኝ፤ ደረጃውን ልሳልላችሁ» አለች።

«ጠመኔ ከቀረ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጄ» አሉ ቡሩልካን ኤጄ። «በማርከር ነው የምንጽፈው።»

«አውቃለሁ፣ ኤጄ። ቅድም በበሩ ብቅ ብዬ አየሁት።»

መሐረቧን ከኪሷ አውጥታ ዳቦው አጠገብ ዘረጋችው። ነጩ ዱቄት አሁንም አለበት።

«ጠመኔ ነው ብዬ በእጄ ጠረግኩልዎት። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም፤ ጠመኔም የለም። ጠመኔ ደግሞ ቆዳ አያቀላም፤ ኖራ ነው የሚያቀላው። ኖራው የተበተነው ዛሬ ጠዋት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ዓመት ሙሉ ምድር ቤቱን አልረገጥኩም አሉኝ። የወደቀ ዳቦ ሲነሳ ይሳማል፤ ግንባር ያስነካል፤ ከዚያ እግር የማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ያስተማሩኝ። ያቺ መስኮት ሥር ነበር ወንበሬ።»

ስለ መምህሯ ቀይ ላምና ስለ ጥጃው፣ ካልፈላ ወተቷ ወጥቶ ለልጆቹ በሽልማት ስለተቀባላቸው ስልባቦትም ተናገረች። ሱሳር ቀስ ብላ ከወንበሯ ተነሳች፤ ነርሷ ክንዷን ያዘቻት።

ቡሩልካን ኤጄ እጃቸው ግንባራቸው ላይ ቀርቷል።

«ላሚቱን አልጠረጠርኳትም ነበር» አሉ። «ስጠረጥር ደግሞ ልጆቹ ታመው ነበር። ኡምሱን ደረሰችበት። ቀትር ላይ ራስሽ ተናገሪ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ አለችኝ። አርባ ዓመት ያስተማርኩት መንደር ፊት! እምቢ አልኩ። ሻዩን እስከ አፉ ሞላችው። አርባ ዓመት ጓደኛዬ ሆና ስኒ ሞላችብኝ። ቅርጫቷን አንስታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ገፋኋት።»

«ሲወርዱ በሕይወት ነበሩ?»

ቡሩልካን ኤጄ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ዳቦ መለሱ።

«ኤጄ፣ ነበሩ?»

«ዓይኗን ገልጣ ታየኝ ነበር» አሉ በስተመጨረሻ። «ዳቦው... መሬት ላይ ነበር።»

ካሊማ አንቱታው አፏ ላይ ከበዳት። ቢሆንም አልጣለችውም።

«ዳቦውን አነሱት፤ ሳሙት። እሳቸውን ግን አላነሷቸውም።»

ፖሊሱ ወደ መምህሩ ወንበር ሄደ፤ ግን እጃቸውን መያዝ አፍሮ ቆመ። እሱም የእሳቸው ተማሪ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለች ካሊማ። «ሌላ መርማሪ ይመጣልዎት ነበር። እኔን ለምን ጠሩኝ?»

ቡሩልካን ኤጄ ልክ እንደ ድሮው፣ ቀላል ጥያቄ የከበደው ልጅ ሲያዩ እንደሚያዩት አዩዋት።

«አንቺ ታምኚኛለሽ ብዬ ነዋ።»

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ሱሳር ሆስፒታል ልጇ ጋ ልትሄድ ስትወጣ፣ ትናንት ጀርባቸውን የሰጧት ሴቶች ቦርሳዋን ካልያዝንልሽ ብለው ከበቧት። ቦርሳዋን አልሰጠቻቸውም። ስለ ይቅርታም ምንም አላለች። ካሊማ ፈረደችላት።

መኪናዋ ጋ ስትደርስ አንዲት ዳቦ ሻጭ፣ ምሳ እንዳልበላች አይታ፣ ትኩስ ዳቦ አሳቀፈቻት። ካሊማ ተቀብላ ልትሄድ ስትል ከላዩ ያለው አንዱ ከእጇ አምልጦ አቧራው ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው። እጇ ራሱ ዳቦውን ወደ ከንፈሯ ይዞት መጣ፤ ሳመችው። ከዚያ ወደ ግንባሯ ወሰደችው።

ከግንባሯ በፊት እጇ ቆመ። ዳቦ ሻጯ ምን ሆና ነው ብላ ታያታለች። ካሊማ ዳቦውን ትንሽ ያዘችው፤ ከዚያ አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ግንባሯን ሳታስነካ፣ እዚያው በቆመችበት ቆርሳ በላችው።