ሻለቃ ወንድይፍራው ያመጣው መርዶ

ጠጋ በሉ። በሩንም መልሱት። ጊዜው እንዲህ እንደ አሁኑ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት ነበር፤ ዶሮ ያልጮኸበት፣ ውሻ እንኳ መጮህ የሰለቸው ሰዓት። በአንድ መንደር ሠርግ ነበር፤ ከሠርጉ ቤት ወደ ላይ ሠፈር የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ገደሉን ተጠግቶ በቁልቋል መሃል የሚያልፍ ቀጭን መንገድ። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይመጣል። ደረቱ ላይ ኒሻን ይንቃጨላል። ማን ይመስላችኋል?

ሻለቃ ወንድይፍራው ነው! የጦር ጄት አብራሪ የነበረው፣ የመንደሩ ኩራት። በጦርነቱ ጊዜ የጠላት አውሮፕላን ጣለ ተብሎ ተሸለመ። ጣለ የተባለው አንድ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ከመጣ ወዲህ ግን ያ አውሮፕላን በየሠርጉ እየወለደ አራት ደርሶ ነበር። እሱ ሲፎክር ሙሽራው ራሱ ይረሳል።

አውሮፕላኑ በተጣለበት ቀን ከጎኑ የበረረ ሌላ የመንደሩ ልጅ ነበር፤ መቶ አለቃ በልሁ። አልተመለሰም። ሻለቃው ምን አለ? «ከዳ፤ ወደ ጠላት ገባ» አለ። አመኑት። ኒሻን ያለው ሰው ይዋሻል እንዴ?

ወጉን ታውቃላችሁ። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩተው መርዶ ያረዳሉ። ከዚያ ይለቀሳል፤ ተዝካር ይወጣል። ለከዳ ሰው ግን መርዶ የለም። የበልሁ እናት እማማ አንጓች፣ ልጃቸው ይኑር ይሙት ሳያውቁ፣ ሳያለቅሱለት አረጁ። ቤታቸው እዚያው መንገድ ዳር ነው። ምናልባት ይመጣል ብለው በራቸውን ሌሊት አይቀረቅሩም ነበር።

ሻለቃው ከሠርጉ ሲወጣ ሚዜዎቹ «ጋሼ፣ እንሸኝዎት» አሉት።

«እኔን? ደመና ላይ ብቻዬን የዋልኩትን ሰው? ሂዱ፣ እርስ በርሳችሁ ተሸኛኙ!»

ትንሽ እንደሄደ ሸተተው። ምን ሸተተው? የሚቃጠል ነዳጅ። በዚያ መንደር መኪና እንኳ የለም። አፍንጫውን ጠርጎ ሄደ። ትንሽ እንደሄደ ሰማ። ምን ሰማ? ኮቴ። በቀኙ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ፤ አጃቢ አብራሪ በሚበርበት ቦታ። ሲቆም ይቆማል። ሲሮጥ ይሮጣል። ዞር አለ። የአብራሪ የራስ ቁር አየ። ከቁሩ ሥር ፊት የለም፤ ጢስ ብቻ።

«ጌታዬ» አለ ጢሱ በትሕትና፣ «ከጎንዎ ነኝ።»

«ማ... ማነህ?»

«በልሁ ነኝ፣ ጌታዬ። ያን አውሮፕላን ማን ነበር የጣለው?»

ጀግናችን ምን አደረገ? ፎከረ? ሽጉጥ መዘዘ? ሱሪው ራሰ። እዚያው ወድቆ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

«አንተ ነህ! አንተ ጣልከው! ግን ሞተሃል! ከነአውሮፕላንህ ስትቃጠል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! ለሞተ ሰው ኒሻን ምን ያደርግለታል? ሂድልኝ!»

ጢሱም ሄደ፤ ሽታውም ሄደ። ሻለቃው እፎይ አለ። ይሄኔ ከጨለማው ውስጥ አጥንት ብቻ የቀረው እጅ ወጥቶ ማጅራቱን ጨመደደው!

«ድገመው!»

እማማ አንጓች ነበሩ። ጀግናው የወደቀው እደጃፋቸው ላይ ነው።

«ድገመው እንጂ! ልጄ ምን ሆነ?»

ደገመው። ምን ምርጫ አለው? እሳቸውም «ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ሲደቁ መንደሩ ከነሙሽሮቹ ነቅቶ መጣ። ሲነጋ የሠርጉን ዳስ አንስተው እሳቸው ደጅ ተከሉት። በልሁ በስሙ ተለቀሰለት።

ኒሻኑስ? አላወለቀውም። ማንስ አውልቅ አለው? እዚህ አገር ኒሻን መስቀል እንጂ ማውረድ የተማረ ሹም አላየሁም።

አሁን ተነሱ፤ ተያይዛችሁ ወደየቤታችሁ ሂዱ። ማንም ብቻውን እንዳይሄድ። ሙት ይጎዳችኋል ብዬ አይደለም፤ ሙት ጨዋ ነው፣ ጠይቆ ይሄዳል። እኔ የምፈራላችሁ የገዛ አፋችሁን ነው።