ይመጣሉ አልኩሽ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ወረርሽኙ የከፋበት ጊዜ ነበር። እማዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ደግሞ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ በሽታውን እንዳላመጣባት ፈርቼ ቤቷ አልገባም። ምግቧን ደጃፏ ላይ አስቀምጬ አንኳኳለሁ፤ ከዚያ እኔ ደረጃው ላይ፣ እሷ ከበሩ ጀርባ ሆነን እናወራለን።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። ያን ጊዜ ግን በሽታውም ሰው ሆነብን።

መጀመሪያ ላይ ታለቅስ ነበር። "ከግድግዳ ጋር ላውራ እንዴ?" ስትለኝ አንጀቴን ትበላዋለች።

ከዚያ በድንገት ማልቀሷን ተወች...

"አሁንማ ብቻዬን አይደለሁም" አለችኝ። "ይመጣሉ።"

የጤና ባለሙያዎቹ መስለውኝ ደስ አለኝ። ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን ይጠይቃሉ ሲባል ሰምቼ ነበር።

"ጭምብል ያደርጋሉ?"

"ኧረ ምን ያደርግላቸዋል!" ብላ ሳቀች።

በማግስቱ የሕንፃውን ዘበኛ ላመሰግነው ቆምኩ። "ሰዎቹን ስለምታስገባልን..."

"የቶቹን ሰዎች?" አለኝ። "ካንቺ በቀር ከውጭ መጥቶ ይህን ደረጃ የረገጠ የለም።"

ሮጬ ወጥቼ በሩን ደበደብኩ።

"ቀስ በይ!" አለች እማዬ በሹክሹክታ። "ተኝተዋል።"

"እነማን?"

ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

"እነማን ትላለች እንዴ ይቺ ልጅ! አባትሽ ናቸዋ።"

አባቴ የሞተው ገና ጡት ሳልጥል ነው። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጣት በሕይወት ሳለም "እርስዎ" ነበር የምትለው። እኔ ሞኟ "ይመጣሉ" ስትለኝ ብዙ ሰዎች መስለውኝ...

ብቸኝነቱ አእምሮዋን እንደነካው ገባኝ። ከበሽታው በፊት እኔው በር ላይ እየቀረሁ ልገድላት ነበር። የቤቷን ትርፍ ቁልፍ አውጥቼ ገባሁ።

ብቻዋን ናት። ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። አቅፌያት አለቀስኩ።

"ሥራው ገደል ይግባ። እኔ ጋ ነው የምትኖሪው፤ ተነሺ እንሂድ።"

አላንገራገረችም። ሹራቧን ደርባ ተከተለችኝ። ደረጃውን ስንወርድ አንድ እጇን ይዣታለሁ። ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታዋለች፤ እንዳትወድቅ ሚዛን የምትጠብቅ መሰለኝ።

ዘበኛው ታች ቆሟል።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ" አላት።

አልፈነው ሄድን። እሱ ግን ጭምብሉን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገና ርቀቱን ለመጠበቅ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ዓይኑ ከኋላችን ደረጃው ላይ ነበር... ጎንበስ ብሎ፣

"ይለፉ፣ አባባ" አለ።