አባ ገስግስን የጠራች ልጅ

እንቁ የአባቷን ባርኔጣ ደፍታ፣ ልጓሙን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ አንድ ኪስ ገብስ ይዛ ማለዳ ወጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባርኔጣው በየእርምጃው ዓይኗ ላይ ይወርዳል። አስፋልቱን ስትሻገር የባጃጅ ሹፌር «ወዴት ነው ጌታዬ?» ብሎ ቀለደባት። ወደ ዘንገና ጫካ ገሰገሰች።

አባቷ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ፈረሱ ገስግስ የዚያኑ ዕለት ገመዱን በጥሶ ወደ ጫካው ጠፍቷል። በእነሱ ቀዬ ደግሞ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖበት ለቅሶው ላይ ካልዞረ ሰውየው በወጉ ተሸኘ አይባልም። አጎቷ አበረ የጎረቤት ፈረስ ተዋሰ።

«የተውሶ ፈረስ አባዬን የት ያውቀዋል?» ብትለው፣

«አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ አልቅሺ!» አላት።

አላለቀሰችም። ሴቶቹ ልቧ ደርቋል ብለው አሟት። አልደረቀም፤ «ሞተ» የሚለውን ቃል ከአፏ ካላወጣችው እውነት የማይሆን መስሏት ነው።

አቀበቱ ላይ በረዶ ወረደባት። ሮጣ አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ብትገባ፣ ገመሬ ዝንጀሮ ቀድሟት ተጠልሏል። ጥርሱን አግጦ ኪሷን ያዘ።

«የሐዘንተኛ ስንቅ ይነጠቃል? ነውር አታውቅም?» ብላ በልጓሙ ብረት መታችው።

ነውር አያውቅም። ክንዷን ቧጭሮ፣ ኪሷን ከነገብሱ ገንጥሎ ሄደ።

ደሟን እየጠረገች የፈረሱን ኮቴ ተከተለች። የዘንገናን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያየው ጠርዝ ላይ ሁለት ከሰል አክሳዮች ገስግስን ይዘውታል። ከሰል ጭነውበታል! የኮርቻ ፈረስ ላይ ጭነት! አባቷን የሰደቡባት ያህል ተንገበገበች።

«አውርዱለት! የአባቴ ፈረስ ነው!»

«ሜዳ ላይ ነው ያገኘነው» አለ ጢማሙ፣ ዱላውን እያነሳ። «ምስክርሽ ማነው?»

«እሱ ራሱ።»

«እስቲ ጥሪው!»

ገብሱ ቢኖር በገብስ ትጠራው ነበር። የቀራት አባቷ ኮርቻ ላይ ሲወጣ የሚፎክርበት የፈረስ ስሙ ብቻ ነው። ድምፅዋን እንደ አባቷ አወፈረች።

«አባ ገስግስ!»

ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ገመዱን ከሰውየው እጅ መንጭቆ፣ ከሰሉን እየበተነ መጣ። እሷን ግን አላያትም። ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አሻግሮ ጌታውን ፈለገ። ባርኔጣውን አሸተተና ዙሪያዋን ዞረ። አሁንም ፈለገ።

በከንቱ ተስፋ የሰጠችው እሷ ናት። አንገቱን አቅፋ፣ «የለም፣ ገስግስዬ። አባዬ ሞቷል» አለችው። ያን ጊዜ እንባዋ ወረደ።

ጢማሙ ዱላውን ጥሎ የቀረውን ከሰል አወረደ። «ነፍሱን ይማር፣ የኔ ልጅ» አለ።

ለቅሶው ሜዳ ስትደርስ የተውሶው ፈረስ ሊዞር ተዘጋጅቷል። አጎቷ በእንባ የራሰ ፊቷን አየና ኮርቻውን አንስቶ ገስግስ ላይ ጫነ። በወጉ ፈረሱን የሚያዞረው ወንድ ነበር፤ አበረ ግን ልጓሙን አስጨበጣት።

«ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አዙሪው።»

ሕዝቡ «አባ ገስግስ!» እያለ ሲያለቅስ ፈረሱ አንገቱን ወደ ጌታው ቤት በር ያዞራል። እንቁ ጆሮው ሥር «የለም» ትለዋለች። ሁለተኛው ዙር ላይም እንደዚያው ሆነ።

በሦስተኛው ሲጠሩ አንገቱን አላዞረም። እሱም ገባው። እንቁ ከሁሉ ይልቅ ያዘነችው ያን ጊዜ ነው።